ያለ ደጋፊ የሚቆም ግድግዳ

«ፓይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ የኢትዮጵያ ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ማዕድ ቤት ሳይሆን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። መምህሩ ክብ ይስላል፤ ክቡን ከመሐል ወደ ዳር እየሰነጠቀ ይህ ለትምህርት፣ ይህ ለጤና፣ ይህ ለመንገድ ብሎ በጀት ያከፋፍላል፤ ስሙንም «ፓይ ቻርት» ይለዋል። ስሙ ከምግብ የተወሰደ መሆኑን የሰማ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት በአሜሪካ ፊልም ያየው ነው፦ ዝርግ፣ ክብ፣ ጣፋጭ፣ ፖም የሞላበት። ቃሉ በእንግሊዝ አገር አፍ ሲፈታ ግን ነገሩ ዝርግም ጣፋጭም አልነበረም። ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ ሥጋ የታሸገበት፣ ምንም ዕቃ ሳይደግፈው በራሱ የሚቆም የሊጥ ቤት ነበር።

ያ ዓይነቱ ፓይ ዛሬም ይጋገራል። ስመ ጥሩው በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ሌስተርሻየር ውስጥ፣ ሜልተን ሞውብሬይ ከምትባል የገበያ ከተማ የሚወጣው የአሳማ ሥጋ ፓይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ አብዛኛው፣ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቤተ እስራኤሉም፣ አይቀምሰውም። አለመቅመሳችን ግን ለዚህ ጉዳይ ይጠቅመናል፤ ምራቅ ዓይናችንን አይጋርድብንም። ጣዕሙን ለሚበሉት ትተን የጋጋሪውን እጅ እንመልከት። የዚህ ምግብ ጥበብ ያለው ከውስጡ ይልቅ በግድግዳው ነውና። ቃሉ ባለፉት ሰባት መቶ ዓመታት ያሳየው መስፋትና መላላትም የግድግዳውን ዕጣ ተከትሎ የመጣ ነው።

ፈረንጅ ጋጋሪ ስለ ፓይ ሊጥ ሲያስተምር አብዛኛውን ጊዜ የሚደጋግመው ምክር «ቀዝቃዛ» የሚል ነው፦ ቅቤው ቀዝቃዛ፣ ውኃው ቀዝቃዛ፣ ቢቻል እጁም ቀዝቃዛ። የሜልተኑ ሊጥ ይህን ሕግ ይገለብጠዋል። ውኃና የአሳማ ሞራ አብረው ይፈላሉ፤ እንደፈሉም ጨው በገባበት የስንዴ ዱቄት ላይ ይፈስሳሉ፤ መጀመሪያ በእንጨት ማንኪያ ይማሰላል፣ እጅ ሲችለው ደግሞ በእጅ ይታሻል። የፈላው ውኃ የዱቄቱን ስታርች በከፊል ያበስለዋል፤ ስታርቹ ውኃውን ጠጥቶ ይወፍራል። የቀለጠው ሞራ በበኩሉ የዱቄቱን ቅንጣት ስለሚለብሰው፣ የዳቦን ሊጥ የሚለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን እንደልቡ አይተሳሰርም። ከዚህ የሚገኘው ሊጥ ሁለት ጠባይ አለው፤ ሲሞቅ ይታዘዛል፣ ሲቀዘቅዝ ባለበት ይደርቃል። የዳቦ ሊጥ ቢጎትቱት ተመልሶ ይሸበሸባል፤ ይህኛው የጎተቱት ቦታ ላይ ይቀራል። ግድግዳ ለመሥራት የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ችግሩ በሁለቱ ጠባዮች መካከል ያለው ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። ሊጡ ገና ትኩስ ሳለ ግድግዳ ቢያነሡበት በራሱ ክብደት ወርዶ ይከመራል። በጣም ቀዝቅዞ ቢጀምሩት ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ዛሬ ባይታይ ነገ መረቅ ሲፈስበት ይታያል። ስለዚህ ባለሙያው የሚጠብቀው በሰዓት አይደለም። መዳፉን ሊጡ ላይ ያሳርፋል፤ ሙቀቱ ከቆዳው ጋር ሲስተካከል፣ ሊጡ ሲጫኑት ዱካ ሲይዝና ጠርዙ ሳይሰነጠቅ ሲታጠፍ፣ ያን ጊዜ ይጀምራል።

መሣሪያው አንድ ብቻ ነው፤ «ዶሊ» ይሉታል። ከጠንካራ እንጨት የተቀረጸ፣ ታቹ ዝርግ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከላይ መጨበጫ ያለው ድፍን እንጨት። የተመዘነው ሊጥ ተድቦልቡሎ በመዳፍ ይጨፈለቃል፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ዶሊ መሐሉ ላይ ይተከላል፤ ወደ ታች ሲጫኑት ሊጡ በዙሪያው ሽቅብ ይገፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የጣት ሥራ ነው። ሁለት እጆች ዶሊውን አቅፈው ቀስ እያሉ ያዞሩታል፤ በያንዳንዱ ዙር መዳፎቹ ሊጡን ከእንጨቱ ጋር አጣብቀው ትንሽ ወደ ላይ ይስቡታል። እናቶቻችን ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ጭቃውን እየዞሩ የማሰሮ ጎን ሲያወጡ ያየ ሰው ይህን እንቅስቃሴ ያውቀዋል፤ ጭነቱ ከታች ይበረታል፣ ወደ አፉ ሲቀርብ ይለዝባል።

የሥራው ልክ የሚለየው ግድግዳው ከወለሉ በሚገናኝበት ማዕዘን ነው። እዚያ ላይ ሊጡ በተፈጥሮው ይጠራቀማል፤ ሰነፍ እጅ እዚያው ይተወዋል። የተጠራቀመው ሊጥ ሌላው በስሎ ሲያልቅ ከውስጥ ጥሬ ይሆናል፤ ፓይ ሲቆረጥ ታችኛው ጥግ ላይ የሚታየው ግራጫ ለጥ ያለ መስመር የዚህ ስንፍና ምስክር ነው። ከመጠን በላይ ያሳሳው ደግሞ የሥጋውን ክብደት አይሸከምም። ጥሩ ባለሙያ ከማዕዘኑ ትርፉን ቆንጥሮ አያወጣም፤ በዙር እየገፋ ወደ ላይ ያሳድገዋል፣ የታችኛው ትርፍ የላይኛው ቁመት ይሆናል። በመጨረሻ ዶሊው መውጣት አለበት። ሊጡ እንጨቱን ጥብቅ አድርጎ ይዞታልና ቀጥታ ቢስቡት ግድግዳው አብሮ ይመጣል። ሩብ ዙር ያህል ጠምዘዝ ይደረጋል፣ አየር ይገባል፣ እንጨቱ ይወጣል። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ክዳን የሌለው፣ ባዶ፣ የቆመ ዕቃ ነው።

ባዶነቱ ብዙ አይቆይም። ለሜልተን ፓይ የሚሆነው ሥጋ ጥሬ ነው፤ ጨው ውስጥ ያልከረመ፣ ጭስ ያልነካው። ስለዚህ ሲበስል እንደ ጥብስ ሥጋ ግራጫ ይሆናል። የሌላ አካባቢ የአሳማ ፓይ ውስጡ ሮዝ የሚሆነው ሥጋው በማቆያ ጨው ስለሚታከም ነው። ሥጋው በባህሉ በቢላ ይከተፋል፤ ከጨውና ከነጭ ቁንዶ በርበሬ ሌላ ብዙም አይጨመርበትም። ተድቦልቡሎ ወደ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ እንጨቱ ትቶት የሄደውን ቦታ ይይዛል፤ ከውስጥ ሆኖ ግድግዳውን የሚደግፈው ከአሁን በኋላ እርሱ ነው። ክዳኑ ይደረጋል፤ ጠርዙ በውኃ ረጥቦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ቁንጥጥ እየተደረገ ይዞራል። ያ የጠርዝ ቁንጥጫ ለጌጥ የተሠራ ይመስላል፤ እርግጥ ያምራል። ሥራው ግን ሁለት ሊጦችን እንፋሎት እንዳይለያያቸው መስፋት ነው። ከዚያ ክዳኑ መሐል አንድ ቀዳዳ ይበሳል፣ የተመታ እንቁላል ይቀባል፣ ግድግዳው እንዲጠነክርም ፓዩ ቀዝቃዛ ቦታ ያድራል።

በማግሥቱ ዝርግ ትሪ ላይ ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ዙሪያውን የሚይዘው ቆርቆሮ የለም፤ ቀለበትም የለም። እሳቱ መጀመሪያ ኃይለኛ ነው፣ ግድግዳው ሳይወድቅ እንዲደርቅ፤ ቀጥሎ ይቀነሳል፣ ሥጋው እስከ መሐል እንዲበስል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሞራው የቀለጠበትና ሊጡ ገና ያልደረቀበት ጥቂት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ግድግዳው ለስልሶ፣ ሥጋው ከውስጥ ገፍቶት፣ ጎኑ ወደ ውጭ ጎበጥ ይላል። ጥሩ ግድግዳ ይጎብጣል እንጂ አይቀደድም፤ በጎበጠበት ደርቆ ይቀራል። ይህን ጉብጠት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ፍርድ ቤትና ሕግ የሚደርሱት እርሱ ዘንድ ነው።

ሥጋው ሲበስል ይኮማተራል፤ በእርሱና በግድግዳው መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት ካልተሞላ ሥጋው ይደርቃል፤ ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ አየር ያለበት ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። መፍትሔው የአሳማው አጥንትና እግር ለሰዓታት ተቀቅሎ የሚገኘው መረቅ ነው። ጄላቲን ስላለበት ሲሞቅ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ፓዩ ከምድጃ ወጥቶ በረድ ሲል መረቁ በዚያች ቀዳዳ በኩል ጥቂት በጥቂት ይፈስስበታል፤ ይጠበቃል፣ ይሰርጋል፣ እንደገና ይፈስስበታል። እንግዲህ ቀዳዳዋ ሁለት ጊዜ አገልግላለች፤ ምድጃ ውስጥ እንፋሎት አስወጣች፣ ከምድጃ ውጭ መረቅ አስገባች። የግድግዳውም እውነተኛ ፈተና ይህ ነው። በዋዜማው በቀዝቃዛ ሊጥ የተጀመረ፣ ወይም ጠርዙ በግዴለሽነት የተቆነጠጠ ፓይ እዚህ ላይ ያለቅሳል፤ መረቁ ከሥሩ ይፈስሳል። የያዘው ግን ሲቆረጥ ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ነገር በሥርዓት ያሳያል፦ ቡናማ ግድግዳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የጄሊ መስመር፣ ግራጫ ሥጋ።

ይህ የመረቅ ነገር በእንግሊዝ አሮጌ ጉዳይ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈው የጄፍሪ ቾሰር «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ሮጀር የሚባል ወጥ ቤት አለ፤ ተረቶቹን የሚመራው አስተናጋጅ እየቀለደ ከሚወቅሰው ነገር አንዱ በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ምግብን «ደም አፍስሶ» ደግሞ መሸጡ ነው። አንባቢዎች የተረዱት እንዲህ ነው፤ ሳይሸጥ ያደረው ምግብ ቶሎ እንዳይበላሽ መረቁን ቀድቶ አውጥቶታል። ሐቀኛ ጋጋሪ መረቅ ይጨምራል፣ አጭበርባሪ ጋጋሪ መረቅ ይቀዳል፤ ሁለቱም ግን አንዱን ነገር ያውቁ ነበር፤ የሊጡ ግድግዳ የማቆያ ዕቃ መሆኑን።

ዕቃነቱ ከስሙ ይታወቃል። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የምግብ መጻሕፍት ይህን ግድግዳ «ኮፊን» ይሉታል። ዛሬ ቃሉ የሬሳ ሣጥን ማለት ስለሆነ ያስደነግጣል፤ ያኔ ግን ማንኛውም ሣጥን ወይም ቅርጫት ነበር፤ ከግሪክ ተነሥቶ በላቲንና በፈረንሳይኛ አድርጎ የመጣ ስም ነው። ኋላ ትርጉሙ ጠቦ ወደ መቃብር ወረደ። ሼክስፒር «ታይተስ አንድሮኒከስ» በተባለው ደም የበዛበት ተውኔቱ በሁለቱ ትርጉም መካከል ይጫወታል፤ ታይተስ የጠላቱን ልጆች ገድሎ በፓይ ጋግሮ ለእናታቸው ሲያቀርብ፣ የሚያነሣው የሊጥ «ኮፊን» ማሰሮም ነው መቃብርም ነው። ለሥራውም የሚጠቀምበት ግስ ሊጥን ማቆም፣ ሽቅብ ማንሣት የሚል ነው። ተመልካቹ ቀልዱን የሚረዳው ጋጋሪ ሲያነሣ ስላየ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1615 ጀርቫስ ማርከም ለእንግሊዝ የቤት እመቤት በጻፈው መጽሐፍ ሊጥን እንደየሥራው ይለያል። ለረጅም ጊዜ ለሚቆየው የአጋዘን ሥጋ ራይ ከሚባለው እህል ዱቄት የተሠራ ወፍራም፣ ጠንካራ ግድግዳ ያዝዛል፤ ትኩሱን ለሚበላው ደግሞ ከስንዴ የተሠራ ስስ ሊጥ። ይህ የሸክላ ሠሪ አስተሳሰብ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ይጣፍጣል የሚለው ሳይሆን ምን ይይዛል፣ እስከ መቼ ይይዛል የሚለው ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ግድግዳ ማቆም የቻለ እጅ ደግሞ መታየት ይፈልጋል። ሮበርት ሜይ የተባለው ወጥ ቤት በ1660 ባሳተመው «ዘ አኮምፕሊሽት ኩክ» ውስጥ የፓይ ቅርጾችን በሥዕል አስቀምጧል። ለበዓል ማዕድ ከሚያዝዛቸው አንዱ በወፍራም ሊጥ የተሠራ አጋዘን ነው፤ ሆዱ ቀይ ወይን ይሞላል፣ ጎኑ ላይ ቀስት ይሰካል፣ ቀስቱ ሲነቀል አጋዘኑ ይደማል። በአጠገቡ ሁለት ፓዮች ይቀርባሉ፤ በአንዱ ሕይወት ያላቸው እንቁራሪቶች፣ በሌላው ሕይወት ያላቸው ወፎች አሉበት፤ ክዳኑ ሲነሣ አንዱ ይዘልላል፣ ሌላው ይበርራል። የእንግሊዝ ሕፃናት የሚዘምሩት የ24 ወፎች ፓይ ከዚህ ዓይነቱ ትርኢት የራቀ አይደለም። ከትርኢቱ ይልቅ ዘዴው ይበልጥ ይገርማል። ወፍ ጋግሮ በሕይወት ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ሜይ ፓዩን ፉርሽካ ሞልቶ ይጋግረዋል፤ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ሥሩን በስቶ ፉርሽካውን ያፈስሳል፣ እንስሶቹን በዚያ ያስገባል። ፉርሽካው የሠራው ሥራ ሜልተን ላይ ሥጋው የሚሠራውን ነው፤ ከውስጥ መደገፍ።

በዚህ ጨዋታ ሰውም ገብቶበታል። በ1626 ገደማ የቡኪንግሃም መስፍን ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስንና ንግሥት ሄንሪየታ ማሪያን ሲጋብዝ ከቀረበው ፓይ ውስጥ ጄፍሪ ሃድሰን የተባለ በጣም አጭር ሰው፣ ያኔ ገና ሕፃን፣ የጦር ልብስ ለብሶ ብቅ አለ። ንግሥቲቱ ወደ ቤተ መንግሥት ወሰደችው። ሃድሰን የተወለደው ኦክሃም ነው፤ ከሜልተን ብዙ የማትርቅ ከተማ።

የሊጡንና የሸክላውን ዝምድና ግን ዌጅዉድ እንደሚባለው የሸክላ ፋብሪካ ያጋለጠው የለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እንግሊዝ የስንዴ እጥረት ደርሶባት ዱቄት ለፓይ ግድግዳ ማዋል እንደ ብክነት ሲቆጠር፣ የስታፈርድሻየር ሸክላ ሠሪዎች ፓይ የሚመስል ዕቃ ሠሩ። የዌጅዉዱ ዕቃ ላዩ መስታወት ያልተቀባ፣ የተጋገረ ሊጥ ቀለም ያለው ነው። ጎኑ ላይ የወይን ቅጠል፣ ክዳኑ ላይ ጥንቸል ተቀርጾበታል፤ ጠርዙ ላይ የጣት ቁንጥጫ ሳይቀር አለ። ሸክላ ሠሪው ቁንጥጫው ምንም እንደማይሰፋ ያውቃል፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ፓይ አይመስልለትም። ሊጥ ለዘመናት የሸክላን ሥራ ሲሠራ ኖሮ፣ አሁን ሸክላ የሊጥን መልክ ተዋሰ።

ቃሉስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሠሪዎች በጥንቃቄ ይናገራሉ። የፓይ ጋጋሪ ቤትን የሚጠራ ስም በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይታያል፤ ምግቡ ራሱ በ14ኛው በጽሑፍ እየተዘወተረ ይመጣል። ከእነርሱ ግምት ሚዛን የሚደፋው ቃሉን ከወፍ ስም ጋር ያገናኘዋል። ዛሬ ማግፓይ የሚባለው፣ የቁራ ዘመድ የሆነው ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ያኔ ስሙ «ፓይ» ብቻ ነበር፤ ከላቲን «ፒካ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ። «ማግ» የማርጋሬት ቁልምጫ ነው፤ ኋላ ተጨመረበት። ይህ ወፍ ያገኘውን ሁሉ ይለቃቅማል ተብሎ ይታማል፤ ፓይም እንደዚሁ በጉያው ብዙ ዓይነት ነገር ያደባልቃል። ግምቱን የሚያጠናክሩት ሁለት ምስክሮች አሉ፤ ከበግ ሆድ ዕቃ የሚሠራው የስኮትላንዱ ሃጊስ ስም ከዚሁ ወፍ አንድ አሮጌ ስም ጋር ይመሳሰላል፤ «ቹዌት» የሚባል የተከተፈ ሥጋ ፓይም የሌላ የቁራ ዘመድ ስም ተጋርቶ ነበር። አታሚዎችም የተበታተነና የተደባለቀ የፊደል እርሳስ ክምርን «ፓይ» ይሉታል።

ግምቱ ልክ ከሆነ፣ ስሙ የተሰጠው ለውስጡ ቅልቅል ነው ማለት ነው። ግን ቅልቅል ሁሉ ፓይ አልተባለም፤ ወጡም፣ ሾርባውም ቅልቅል ነው። ቅልቅሉን ፓይ ያሰኘው ግድግዳው ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ «አምብልስ» ነው። የአጋዘን ልብ፣ ጉበትና ሆድ ዕቃ መጀመሪያ «ነምብልስ» ይባል ነበር፤ በአነጋገር የመጀመሪያው ድምፅ ወልቆ «አምብልስ» ሆነ። ያም ሆድ ዕቃ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ፓይ ተባለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ስም «ሀምብል» ማለትም ትሑት ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ተጋጭቶ፣ እንግሊዞች ኩራቱ ወርዶ ጥፋቱን የሚያምን ሰው «ትሕትና ፓይ በላ» ማለት ጀመሩ። ውስጡ ክቡር ሥጋ ይሁን የተናቀ ሆድ ዕቃ፣ ግድግዳው ለሁሉም እኩል ስም ሰጠ።

ታዲያ ቃሉ የላላው መቼ ነው? ግድግዳው ሥራ ሲያጣ። የሸክላና የቆርቆሮ መጋገሪያ በየቤቱ ሲገባ ሊጡ ብቻውን መቆም አላስፈለገውም፤ ዕቃው ያቆመዋል። ሥጋው ጣባ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሊጡ ከላይ ክዳን ብቻ ቢሆን ማን ይከለክላል? ቀጥሎ ክዳኑም ሊጥ መሆኑ ቀረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «የጎጆ ፓይ» የሚባል መጣ፤ የተከተፈ ሥጋ ላይ የተፈጨ ድንች ደፍተው የሚጋግሩት። ከዚያም በበግ ሥጋ የሚሠራው «የእረኛ ፓይ» ተከተለ። ግድግዳ የለውም፣ ወለል የለውም፣ አንዲት ቅንጣት ዱቄትም የለውም፤ ግን ፓይ ነው። አሜሪካኖች በበኩላቸው በሌላ አቅጣጫ ሄዱ። ስስ ቆርቆሮ ላይ ወለሉን ይዘው ጣሪያውን ብዙ ጊዜ ተዉት፤ ዱባና ፖም ሞሉበት፤ ፓይ ሲባል ጣፋጭ ማለት ሆነ። ክብና በቁራጭ የሚከፈል ሁሉ ስሙን ወሰደ፤ ፒሳ ሳይቀር «ፒሳ ፓይ» ተባለ። ዊልያም ፕሌይፌር በ1801 አኃዝን በክብ ከፋፍሎ ያሳየበት ሥዕልም ኋላ «ፓይ ቻርት» የሚል ስም ወጣለት። ከሊጥ ግድግዳ የተረፈው የክብ ቅርጽና የመከፋፈል ሐሳብ ብቻ ሆነ፤ ወደ እኛ ክፍል የገባውም እርሱ ነው።

ሜልተን ሞውብሬይ ግድግዳውን ያልጣለችበት ምክንያት አላት። አካባቢው የስቲልተን አይብ አገር ነው። አይብ ሲሠራ የሚቀረው አጓት ለአሳማ ይሰጣል፤ አሳማው በመኸርና በክረምት ይታረዳል። ክረምት ደግሞ የቀበሮ አደን ወራት ነው፤ ከመላው እንግሊዝ ባለጠጎች ከነፈረሶቻቸው ሜልተን ይከርማሉ። በከተማዋ ትውፊት መጀመሪያ ፓይ በኪሳቸው ይዘው የወጡት ባልደራሶቹ ናቸው፤ ጌቶቹ አይተው ተከተሉ። ቀኑን ሙሉ በፈረስ ሲጋለብ ኪስ ውስጥ ሳይፈርስ የሚውል ምግብ ግድግዳው ለይምሰል ሊሆን አይችልም። ኤድዋርድ አድኮክ የተባለ ጋጋሪ በ1831 ፓዮቹን በለንደኑ የመንገደኛ ሠረገላ ላይ መጫን ጀመረ፤ በ1846 ባቡር ከተማዋ ደረሰ። ጆን ዲከንሰን በ1851 በኖቲንግሃም ጎዳና የከፈተው ሱቅ ዛሬም በዚያው ይሠራል፤ ዶሊውን ለፓይ ማንሻ ያዋለችው አያቱ ሜሪ ዲከንሰን ነች ይባላል።

ስም ሲያተርፍ አስመሳይ ይመጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በሜልተን ስም የሚሸጠው ፓይ ከሜልተን በብዙ ርቀት ባሉ ፋብሪካዎችም ይጋገር ነበር። የከተማዋ ጋጋሪዎች በ1998 ማኅበር አቋቁመው የአውሮፓ ኅብረት ስሙን እንዲጠብቅላቸው ጠየቁ። አንድ ትልቅ የምግብ ኩባንያ በፍርድ ቤት ተከራከራቸው፤ በኋላ ክሱን ተወ፤ ጥበቃውም ጸና። የሚስበኝ ግን ሙግቱ ሳይሆን ጋጋሪዎቹ ምርታቸውን ለሕግ ሲገልጹ የጻፉት ነው። ሥጋው ማቆያ ጨው ያልነካው ይሁን አሉ። በሥጋውና በግድግዳው መካከል ጄሊ ይኑር አሉ። ፓዩ ዙሪያውን የሚደግፈው ነገር ሳይኖር ይጋገር፣ ጎኑም ወደ ውጭ ይጎብጥ አሉ።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። በቀለበት ውስጥ የተጋገረ ፓይ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ እርስ በርሱ አንድ ዓይነት፣ ለመደርደሪያም ለመጠቅለያም የሚመች ነው፤ በመልክ ውድድር ቢሆን ያሸንፍ ነበር። የጎበጠው ግን ምድጃ ውስጥ ያለ ደጋፊ ለብቻው የቆየባትን ያችን አደገኛ ጊዜ በገላው ላይ ይዞ ወጥቷል። ሌላው የእጅ ሥራ ሁሉ፣ የሊጡ ሙቀት፣ የማዕዘኑ ውፍረት፣ የጠርዙ ቁንጥጫ፣ ልክ ባይሆን ጉብጠቱ ስንጥቅ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሜልተኖች ለማኅተምነት የመረጡት ሊመሰል የሚችል ጌጥ ሳይሆን ሌላውን ሙያ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅ ምልክት ነው።

ከ2009 ጀምሮ በዚያችው ከተማ የብሪታንያ የፓይ ውድድር ይካሄዳል። ለውድድሩ ፓይ ማለት ውስጡ ሙሉ በሙሉ በሊጥ የታሸገ ምግብ ነው፤ ክዳን ብቻ ያለው ጣባ አይገባም። ቃሉ በዓለም ዙሪያ እንደፈለገ ቢሰፋም እዚህ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። እንግሊዝ አገር የሚኖር ወይም የሚያልፍ አንባቢ የሥጋ መሸጫ መስኮት ላይ ይህን ፓይ ቢያይ፣ ሳይገዛም ሳይበላም ባለሙያውን መለየት ይችላል። ጠርዙ እኩል ተቆንጥጦ እንደሆነ ያያል፤ ከሥሩ የፈሰሰና የደረቀ መረቅ መኖር አለመኖሩን ያጣራል፤ የተቆረጠ ካለ ታችኛውን ማዕዘን ይመለከታል። ከሁሉ በፊት ግን ማየት ያለበት ጎኑን ነው፤ ቀጥ ያለው ቀለበት ውስጥ የተጋገረ ነው፣ ጎበጥ ያለው በራሱ የቆመ ነው።